ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ እሺታ

ጋሽ በኃይሉ ከኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ከብት ማደለብ ጀመሩ፤ እሳቸው ሊኑክስ ጀመሩ። ዊንዶውስ ከብዶት ከአንድ ቢሮ የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ገዝተው ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጡ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኑበትና ነፍስ ዘሩበት። ከዚያ ወዲህ ሶዶ ውስጥ እሳቸውን የፈለገ ሰው ጓዳቸው ሄዶ ያገኛቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ ብቻ ፈልገው አያገኟቸውም።

ደቀ መዝሙራቸው ልጃቸው ሐመልማል ናት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ተርሚናል በሚሉት ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ ስታዘንብ ሲያዩ ደስታቸው ወሰን የለውም። ምክራቸውም አያልቅም። “ከኢንተርኔት የቀዳሽውን ትዕዛዝ ሳታነቢ እንዳታስኬጂ፤ የማያውቁትን ቅጠል ወጥ ውስጥ እንደ መጨመር ነው” ይሏታል። “ሰዓት ስትሰጪው ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የኛ የቀኑ ዘጠኝ እሱ ዘንድ አሥራ አምስት ነው። ተርሚናል አይረሳም፤ ያዘዝሽውን ሁሉ ይመዘግባል። ተንኮል ከሠራሽ ዱካሽን አጥፊ!” ይህን የመጨረሻውን የሚናገሩት እየሳቁ ነው፤ የተንኮል ነገር ከተነሳ እሳቸውም ንጹሕ አልነበሩም።

ወይዘሮ አሳየሽ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከግቢ ሆነው “በኃይሉ! ያን ቧንቧ ዛሬም አትሠራውም?” ብለው ይጣራሉ። ጋሽ በኃይሉ ደግሞ በዚያው ሰዓት ገበያው አጠገብ፣ ከአቶ ሽኩር ጅምላ መደብር ተቀምጠው ዳማ መጫወት አለባቸው። ሁለቱን ለማስታረቅ ድምፃቸውን ቀዱና ማሽኑ በሰዓቱ የሚፈጽመውን አጭር የትዕዛዝ ዝርዝር፣ ስክሪፕት ጻፉ። ልክ ዘጠኝ ሲሆንና ወይዘሮዋ ሲጣሩ ስፒከሩ ከጓዳ በእሳቸው ድምፅ “እሺ አሳየሽ! ያልሽው ይሁን! ምን ከፋኝ!” ይላል። ወይዘሮዋ ረክተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ቧንቧው ግን ማንጠባጠቡን አልተወም። ምስጢሩን የሚያውቁት ሐመልማልና አቶ ሽኩር ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሐመልማል የወደደችው ዳና የግብርና ባለሙያ ሆኖ ገሱባ ተመደበ። ሽማግሌ ላከ፤ ጋሽ በኃይሉ ቀጠሮ ሰጡ። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ ቀጠሮ። ለሰው የሚሰጡት ምክንያት “የገሱባ መንገድ ወገብ ይሰብራል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ነው” የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ልጃቸው ስትሄድ ከዚያ ማሽን ፊት ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። የዳና አጎት አቶ ኤርካሎ በበኩላቸው “ይህ የመጨረሻችን ነው፤ ካሁን በኋላ ደጅ አንጠናም” ብለው ላኩ። ሐመልማል ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አቶ ኤርካሎ ከፊት፣ አቶ ሽኩር ከኋላ። ተቀመጡ ቢባሉ “የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለው ቆሙ።

“ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ልጃችንም ጨዋ ነው። አሁን እሺ ይበሉን” አሉ አቶ ኤርካሎ።

ጋሽ በኃይሉ እንደ ወጉ “ከባለቤቴ ጋር ልምከር” አሉና ወይዘሮ አሳየሽን ይዘው ጓዳ ገቡ። መጋረጃውን መለስ አድርገው “እምቢ ልላቸው ነው” ሲሉ አንሾካሾኩ።

“በኃይሉ፣ ልጄን ቆማ ልታስቀራት ነው? ዛሬስ እሺ በላቸው!” አሉ ወይዘሮዋ።

ጋሽ በኃይሉ ሊመልሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ መልሱ ከጠረጴዛው ላይ መጣ።

“እሺ አሳየሽ! ያልሽው ይሁን! ምን ከፋኝ!”

ከሳሎን የአቶ ሽኩር ድምፅ ተሰማ። “አልሐምዱሊላህ! እሺ ብሏል! ይህን ድምፅማ እኔ አልስተውም!” አቶ ኤርካሎም እየመረቁ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ወይዘሮ አሳየሽ መጀመሪያ የባላቸውን የተዘጋ አፍ፣ ቀጥሎ ስፒከሩን አዩ። “ለካ በየቀኑ እሺ የሚለኝ ይኼ ነው!”

ጋሽ በኃይሉ ተያዙ። ወጥተው “የተናገረው ኮምፒውተሩ ነው” ቢሉ፣ በዚህ ሽበታቸው ለዳማ ሲሉ ከሚስታቸው እንደሚደበቁ ለሽማግሌ መናዘዛቸው ነው። ዝም ቢሉ ልጃቸው ልትሄድ ነው።

“ምረጥ” አሉ ወይዘሮዋ እጃቸውን አጣጥፈው። “ወይ እሺታህን ይዘህ ውጣ፤ ወይ እኔ ወጥቼ የቧንቧውን ታሪክ ልንገራቸው።”

ጋሽ በኃይሉ ወጡ፤ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለውም “እንግዲህ ሰምታችኋል” አሉ። አቶ ሽኩር ሳቃቸውን ለመደበቅ ረጅም ሳል ሳሉ።

እንግዶቹ የቀረበላቸውን ቆጮ በሚያቃጥለው ዳጣ በልተው ሲሄዱ ጋሽ በኃይሉ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። “ትናንት ስነካካው ዘጠኝ ለማለት 9 ጽፌ ይሆን? ከሆነማ ጠዋት ሦስት ላይ ይለፈልፋል” ብለው በራሳቸው አፈሩ፤ ይህን ስሕተት ለሰፈሩ ወጣት ሁሉ ሲያስጠነቅቁ ነው የኖሩት። ፋይሉን ከፈቱት። አሥራ አምስት ይላል። እሳቸው አልተሳሳቱም።

ተርሚናሉ የመዘገበውን አወጡ። የመጨረሻው ትዕዛዝ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመው ሳሉ፣ በቤቱ ዋይፋይ ከሐመልማል ስልክ የገባ ነበር። ልጅቷ ወጥ ቤት ሆና እያዳመጠች ስክሪፕቱን በእጇ አስነሥታዋለች። ዱካዋን ማጥፋት ታውቃለች፤ አላጠፋችም። ይልቁንም ከትዕዛዙ ሥር፣ ማሽኑ ዘሎት ሰው ብቻ የሚያነበው አንድ መስመር ጨምራለች።

# አባዬ፣ ከገሱባም ሆኜ እዚህ ማሽን ውስጥ እገባለሁ። ብቻህን አልተውህም።

ጋሽ በኃይሉ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባቸው። ስክሪፕቱን አጠፉት፤ የእሷን መስመር ግን አልነኩትም።

“በኃይሉ! ቧንቧው!” የሚል ድምፅ ከግቢ ተሰማ።

“እሺ አሳየሽ! ያልሽው ይሁን!”

ወይዘሮ አሳየሽ መጥተው መጋረጃውን ገለጡ። “ድገመው እስቲ፤ አፍህ ሲንቀሳቀስ ልየው።”

ጋሽ በኃይሉ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው የቧንቧ መፍቻውን አነሱ። “እሺ” አሉ፤ በገዛ አፋቸው።