የበሪሁን ዜሮ

በሪሁን ጭቃው ላይ ተዘርሮ ኳሷን ደረቱ ላይ አጣብቋታል።

«ጎል ነው! ጎል!» እያሉ የሱሉልታ ተጫዋቾች ይጮኻሉ።

የግቡ መስመር የተሰመረው በሰጋቱራ ነበር፤ የሌሊቱ ዝናብ አብዛኛውን ጠርጎታል። የተረፈችውን ትንሽ ግን በሪሁን አይቷታል፤ ኳሷን የያዘው ከእሷ ኋላ፣ ግቡ ውስጥ ነው። ሲነሳ ያቺኑ መስመር በጉልበቱ አበሳት።

ዳኛው ኦቦ ጎበና ከመሀል ሜዳ እያለከለኩ ደረሱ። የእሁድ የጤና ቡድኖች ግጥሚያ የመስመር ዳኛ የለውም። ዳኛው ያላዩትን ተጫዋቹን ይጠይቃሉ፤ እሱ ያለውም ይጸናል። ሁሉም ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ጎል ብሎ ማን ይዋሻል?

«በሪሁን፣ ገብታለች?»

የቡራዩ ቡድን በረኛ ከሆነ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል አልገባበትም፤ የዛሬው ደግሞ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ልጁ ቢታንያ ስልኳ ላይ አንብባ፣ «አባዬ፣ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪው ከተጋጣሚ አንድ ሰው እንኳ ሳያሳልፍ ከጨረሰ ፍጹም ጨዋታ ይሉታል። ያንተ ፍጹም ዓመት ነው» ብላው ነበር። ፍጹም! እሱን በዚህ ቃል የጠራው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«አልገባችም» አለ።

ኳሷን የመታው የሱሉልታው አጥቂ አብዶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ተዉ በቃ! ቤሪ አልገባችም ካለ አልገባችም። እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት።»

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት አብረው ይበላሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲቆርስ ሁሌም የሚታዘዘው ሽሮ ነው። አብዶ ከበሪሁን ጎን ተቀመጠና ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቀለለ።

«እንካ፣ በሞቴ! ዓመት ሙሉ ዜሮ! ወላሂ አልቻልኩህም።»

ኦቦ ጎበናም ከማዶ፣ «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ በሪሁን። እንዳንተ ያለ በረኛ ዳኛ ያሳርፋል» አሉት።

በሪሁን ጉርሻውን ተቀበለ። አፈረ፤ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። አብዶ ቢሰድበው፣ ቢጣላው ይሻለው ነበር። ሰውዬው የገዛ ዓይኑን ትቶ እሱን አመነ፤ እሱ ደግሞ የዚያን ሰው ጉርሻ ይበላል።

ስልኩ ጮኸ። ቢታንያ ናት፤ እሁድ እሁድ ደውላ የምትጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። ውጭ ወጥቶ ሊያነሳው ተነሳና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ከአብዶ ጎን ተቀመጠ፤ ስልኩንም አንስቶ፣ ሁሉም እንዲሰማ ላውድ አድርጎ ትሪው አጠገብ አኖረው።

«አባዬ! ስንት ገባብህ?»

ገበታው በሙሉ ሳቀ። በሪሁን አልሳቀም፤ አብዶን እያየ ነበር።

«አንድ» አላት። «አብዶ አገባብኝ።»