የአካለ ወልድ ቦታ

የገና መዝሙር አልበሙ ስምንት መዝሙር ነበረው። ሰባቱ አልቀዋል፤ ስምንተኛው ግን መሪ የለውም። የደብረ ማርቆስ ሰንበት ተማሪዎች ከበሮውንና ተቀባዩን አስቀድመው ቀርጸው፣ ለተጋባዡ ዘማሪ ባዶ ቦታ ትተውለታል። የመዘምራኑ ኃላፊ የኔአለም ቅጂውን ደጋግማ ታዳምጣለች። ሠላሳ ሰው፣ ማንም ሳይጠራው አቤት እንደሚል ሁሉ፣ ለዝምታ ይመልሳል።

ተጋባዡ አካለ ወልድ ነው፤ የሰፈራቸው ልጅ፣ በዲማ ገዳም የቅኔ መምህር። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት «ዘንድሮ መንገድ አይወጣም» ሲሉ፣ «እማማ፣ መንገዱ ሰላም ነው» ብላ ያስነሣችው የኔአለም ናት። ከዲማ ከወጣ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ፣ አምበር ከተማ፣ ታግዶ ነበር አሉ። ስልኩ አይሠራም።

«ለገና ዘጠኝ ቀን ቀረን፤» አለ ቅጂውን የሚሠራው ደመላሽ። «አምና ይህን መዝሙር ሲያንጎራጉር ቀርጾ ለእናቱ በስልክ ልኮላቸዋል አላልሽም? እሱን ቆርጠን እናስገባው።»

«ለእኔ አይሰጡኝም። ተቀይመውኛል።»

«አባ ገብረ ሚካኤልን ይዘሽ ሂጂያ! የንስሐ አባታቸው አይደሉ?»

በማግስቱ ከኪዳን በቀጥታ ሄዱ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ከፊት፣ የኔአለምና ሁለት ዘማርያን ነጭ እንደለበሱ ከኋላ። ከብርዱ የተነሣ ሁሉም እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ምን እንደሚመስሉ የኔአለም የገባት፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በሩን ከፍተው ፊታቸውን አንድ በአንድ ሲያዩ ነው። የንስሐ አባት አስቀድሞ በማለዳ ደጅ የሚቆም ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ አለው፤ መርዶ።

«ንገሩኝ፤» አሉ።

«ምንም የለም እማማ! ለመዝሙሩ ነው የመጣነው።»

«መጀመሪያ ምንም የለም ነው የሚባለው። አባቱን ያረዱኝም እንዲሁ ብለው ነው።»

«በስመ ሥላሴ! ወለተ ሰንበት፣ የሰማነው ነገር የለም፤» አሉ አባ ገብረ ሚካኤል። «ስልክሽ ላይ ያለውን ድምፁን ልንለምንሽ ነው።»

«ድምፁን?» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። «እሱ ካለ ድምፁን ከእኔ ምን ያስለምናችኋል?»

የኔአለም ወደ አባ ገብረ ሚካኤል ዞረች። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።

ያን ያየች ጎረቤት «ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች። ግቢው ወዲያው ሞላ። የኔአለም «ማንም አልሞተም! ኧረ ስሙኝ!» እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ብትሮጥ፣ ሰው ሁሉ ትከሻዋን እየደባበሰ «አይዞሽ» ይላታል።

ይኼኔ ስልኳ ጠራ። አካለ ወልድ ይላል።

«ይኸው! ይኸው እሱ ነው!» ስልኩን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ልቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«አቤት! አቤት፣ አካለ!»

ከስልኩ የማታውቀው ወንድ፣ እየተጠነቀቀ፣ «ይቅርታ እኅቴ፤ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?» አለ።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ስልኩን ከየኔአለም እጅ ወሰዱ።

«እናቱ ነኝ፤» አሉ። «ንገረኝ።»