የቅዳሜ በረኛ

«ጊዲዮን! ተነስ፣ ቶሎ ልበስ!»

ጊዲዮን ከወንበሩ ብድግ ሲል ጭኑ ላይ የነበረው የምስር ሳምቡሳ መሬት ወደቀ። በረዶው ላይ የእንግዳው ቡድን በረኛ ጉልበቱን ይዞ ይንፈራገጣል። ተቀያሪው ደግሞ ሆዱን አሞት ቡድኑ በመጣበት በስኮትላንድ ቀርቷል። በበረዶ ሆኪ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥም ደንቡ ግልጽ ነው፤ ተመልካች መሃል ተቀምጦ የሚጠብቀው፣ ያለ ክፍያ የሚጫወት አማተር በረኛ፣ ለማንም ይሁን ለማን፣ በረኛ ለጎደለው ቡድን ገብቶ ይቆማል።

ያ አማተር ጊዲዮን ነው። በሥራ ቀን ቶተንሃም ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰው እስኪጎዳ ሲጠብቅ ሦስት ዓመት ሞላው፤ እስከዛሬ አንድም ሰው አልተጎዳለትም። ደሞዝ የለውም። በነፃ ያስገቡትና የአንድ በርገር ኩፖን ይሰጡታል። በርገሩም ቢሆን የሆኪው ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም፣ ወደ ማብቂያው ላይ አይቀምሰውም፤ ለበሩ ጥበቃ ይሰጠዋል። ደሞዙ ጾም የሚያስገድፍ ሠራተኛ ለንደን ውስጥ ከእሱ ሌላ መኖሩን እንጃ።

የእንግዶቹ መልበሻ ክፍል ገብቶ የእግር መከላከያውን ሲያስር፣ ጠዋት ሚስቱ ዳናዊት በር ላይ ቆማ የተናገረችው ጆሮው ውስጥ ያቃጭል ነበር።

«የአውቶቡስ ዴፖው ለቅዳሜ ደብል ይከፍላል። አንተ በነፃ ትጎለታለህ፣ እኔ ያንተን ኦቨርታይም የአረጋውያን ኬር ሆም ሄጄ እሠራለሁ።»

«ማርቲን የልምምድ በረኛ አድርገን እንቀጥርሃለን ብሏል እኮ።» ማርቲን የባለሜዳው ክለብ ሥራ አስኪያጅ ነው።

«አምናም ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ! ስማ ጊዲ፣ ዛሬ ፊት ለፊት ጠይቀው። አይሆንም ካለህ ቅዳሜህን ይዘህ ና። እኔ ደክሞኛል፣ ሲሪየስሊ።»

መድከሟን ከፊቷ አይቶታል።

ወደ በረዶው ሲገባ የሚያውቁት ተመልካቾች በጭብጨባና በሳቅ ተቀበሉት። እንግዶቹ በአንድ ጎል ቀድመው ነበር። የመጀመሪያዋ ምት በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገባችና አቻ ሆኑ። የማያውቁት ሳይቀሩ ሳቁ። ጊዲዮን ግን አልደነገጠም። የባለሜዳዎቹን አመል አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ለልምምድ ሲደበድቡት የኖሩት እሱን ነው፣ ያውም በነፃ። ግራኙ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይመታል፤ ጊዲዮን እጁን አስቀድሞ አነሳ። ረጅሙ ለማታለል ትከሻውን ይሰብቃል፤ ጊዲዮን ንቅንቅ አላለም። እንደ ኳስ የምትመታዋ ጠፍጣፋ ጎማ ደረቱ ላይ፣ ጓንቱ ላይ፣ አንዴም የራስ መከላከያው ላይ አረፈች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንግዶቹ አገቡና አሸነፉ። የማያውቃቸው ሰዎች ላዩ ላይ ተከመሩበት። ደስ ብሎት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እናቱ ወይዘሮ አልታየሽ ሆኪን «የፈረንጅ ገና» ነው የሚሉት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ማርቲን ግን ኮሪደሩ ላይ የጠበቀው ፊቱን አጥቁሮ ነው።

«ጥሩ ተጫውተሃል። እኛን ጉድ ሠራኸን እንጂ» አለው።

«ደንቡ ነው። ማርቲን፣ ስለ ቅጥሩ እንነጋገር።»

«የትኛው ቅጥር?»

«የልምምዱ። ሦስት ዓመት የነገርከኝ።»

ማርቲን ጭንቅላቱን አከከ። «አየህ፣ ከቀጠርንህ አማተር አትሆንም። አማተር ካልሆንክ ደግሞ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥልናል?»

«ታዲያ ለምን ቃል ገባህልኝ?»

«ያኔ አላሰብኩበትም ነበር።» ከዚያም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከኪሱ ኩፖን አወጣ። «ዛሬ ሁለት በርገር ውሰድ። ይገባሃል።»

የጊዲዮን ደም ፈላ። ጾም ላይ መሆኑን ለዚህ ሰውዬ በየዓመቱ ነግሮታል፤ ሰውዬው በየዓመቱ ይረሳዋል። የሚሰድበው ስድብ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ምላሱ ላይ መጣ፣ ግን ዋጠው። የተናደደው በማርቲን ብቻ አልነበረም። አምናም እንዲሁ ተመልሶ ለሚስቱ «በሚቀጥለው ዓመት» ያላት እሱ ራሱ ነው።

በዚህ መሃል የእንግዶቹ አምበል ጥርሱ የወለቀ አፉን በሳቅ ከፍቶ ከመልበሻ ክፍሉ ወጣ። የሱፍ ቆቡን ገልብጦ ይዟል፤ ውስጡ የተጨማደዱ ፓውንዶች አሉ።

«ልጆቹ ያዋጡልህ ነው» አለ። «እኛ ለዛሬ ተከፍሎናል። አንተ በነፃ ተደብድበህ ልትሄድ ነው እንዴ? ያሳፍራል።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ማርቲን መሃላቸው እየገባ። «ጊዲዮን፣ ደንቡን ታውቃለህ። ከዚያ ውስጥ አንድ ፓውንድ ከነካህ አማተርነትህ አበቃ። እዚያ ወንበር ላይ ሁለተኛ አትቀመጥም። ቅዳሜ ደግሞ ካንተ በቀር ሰው የለኝም።»

አምበሉ ግራ ተጋብቶ አንዴ ማርቲንን አንዴ ጊዲዮንን አየ። ቆቡን ግን አልመለሰም።

ጊዲዮን የበረዶውን ሜዳ ዞር ብሎ አየው። የበረዶ ማስተካከያው ማሽን በጨዋታው የተቧጨረውን እያለሰለሰ ነበር። ዕድሜ ልኩን የፈለገው እዚያ ላይ መቆም ነበር፤ ዛሬ ቆመ። ነገ የሚጠብቀው ያው ወንበር ነው። ልቡ አዘነ፣ እውነት ለመናገር በጣም አዘነ።

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ» አለ።

ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ከዚያም ሰው ሲሰጥ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ ቆቡን በሁለት እጁ ተቀበለ።