ለእናትም ቢሆን

እትዬ ፅጌ ቅዳሜ ጠዋት ከቡሹሎ መጥተው ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ገና መዝጊያውን አንስቼ አልጨረስኩም ነበር። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪዬ ከቻርጀሮቹ በላይ ተሰቅሏል፤ ደንበኞቼ ቀና ብለው የሚያዩት ዋጋ ሲከራከሩኝ ብቻ ነው።

"ዮፍታሄ ልጄ፣ ስልኬን ገበያ ላይ ሰረቁኝ" አሉና አዲስ የገዙትን ስልክ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። "ሐናን አስገባልኝ።"

ሐና ልጃቸው ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷን የምታገኘው በአሠሪዎቿ ዋይፋይ ነው፤ እኔ ያስተረጎምኩበት አንድ ስልጠና ላይ በተከፈተላቸው አካውንት፣ በቪዲዮ። ሌላ መንገድ የላትም። ማክሰኞ ደውላ "እማዬ፣ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ከዚህ ቤት ልወጣ ነው። የምሄድበትን እሁድ እነግርሻለሁ፤ ስልክሽን እንዳትዘጊ" ብላቸዋለች። ሐሙስ ስልኩ ተሰረቀ። ሲሙ በሟች ባላቸው ስም ስለነበር መልሶ ማውጣት አልሆነላቸውም፤ አዲስ ቁጥር ገዙ። ሐና አዲሱን ቁጥር አታውቅም። እሁድ ደግሞ ነገ ነው።

"ቀላል ነው እትዬ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። አፌ መቼም ለማጽናናት አይሰንፍም።

የይለፍ ቃሉን አልረሱም፤ የላማቸው ስም ነው። አስገባሁት። ስልኩ አዲስ ስለሆነ አካውንቱ ማረጋገጫ ፈለገ። ኮድ ልኬያለሁ አለ፣ መጨረሻው አርባ ሰባት ወደሆነ ቁጥር። የማን ቁጥር እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሳያት ነው።

ሳያት ፈረንጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሴቶችን ስልክና ኮምፒውተር ላስተምር ብላ ከአገሯ በበጎ ፈቃድ መጥታ አምስት ወር ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ከረመች። የራሷን ስም መጥራት ያቃታቸው እናቶች ናቸው ሳያት ያሏት። እኔ አስተርጓሚዋ ነበርኩ። ሁለታችንም በጎ ፈቃደኞች ነን ተባልን። እሷ በዚያ ሥራ ማስተርስ ገባች፤ እኔ ስሜ የተሳሳተበት ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ክፉ ሰው አልነበረችም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከፕሮጀክቱ ዛሬ የቀረ ነገር ቢኖር የባጃጅ ስቲከር ነው። እሷ ከሄደች በኋላ የፕሮጀክቱ ሰዎች ስለ አጭበርባሪዎች የሚያስጠነቅቅ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ላኩልኝና ተርጉም አሉኝ። ደረቅ ሆነብኝ፤ መጨረሻው ላይ ከራሴ ሁለት ቃል ጨመርኩበት። ሰው እያነበበ ሳቀ፣ ሹፌሮች እየለመኑ ወሰዱት። የሱቄ በር ላይም አንዱ ተለጥፏል። እትዬ ፅጌ የሚያነቡት ሲዳሙ አፎ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን የሲዳማ ቋንቋ ብቻ ነው፣ የአማርኛውን ፊደል አያውቁትም፤ ስለዚህ አጠገቡ ቆመውም ምን እንደሚል አልጠየቁኝም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ሳያት ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ ስንት ሴት አካውንት ከፈተች የሚል ሪፖርት በአስቸኳይ ተፈለገ። አምስት ሴቶች በራሳቸው ስም ስልክ አልነበራቸውም። እትዬ ፅጌ አንዷ ነበሩ። ሳያት ታብሌቱን ይዛ "ለእነዚህ የማንን ቁጥር እናስገባ?" አለችና እኔን አየችኝ።

"ያንቺን አድርጊው" አልኳት።

የኔን ባስገባ ኖሮ አምስቱ ሴቶች የይለፍ ቃል በጠፋባቸው ቁጥር እኔ ላይ ነበር የሚደውሉት፤ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ሆኜ፣ ምሳ ላይ ሆኜ። እሷ ትሄዳለች፣ ማንም አያስቸግራትም ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ ሐሳቡ የኔ ነው። ግን የጻፈችው እሷ ናት። ያን ያህል የተማረች ሴት እንዴት አይታያትም? እያልኩ ስናደድባት አረፈድኩ።

ጻፍኩላት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መለሰች። "ፅጌ! ደህና ናት? የኢትዮጵያውን ሲም ካርድ ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጣልኩት መሰለኝ። በጣም፣ በጣም አዝናለሁ።" ከሥሩ ሦስት የተሰበሩ ልቦች አሉ። ቀጥላ ደግሞ "ፎቶዋን ላክልኝ፣ ናፍቃኛለች" አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ እትዬ ፅጌ።

"ሰላም ብላዎታለች።"

"ጌታ ይባርካት" አሉ ከልባቸው። እኔ ግን ስልኩን ግድግዳው ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

በራሴ አካውንት ሐናን ልፈልግ ሞከርኩ። እዚያ አካውንቷ ላይ ስሟ ሐና አይደለም፤ እመቤቷ እንዳታገኛት "ጌታ ያውቃል" ብላ ነው ያወጣችው፣ ፎቶዋም ጽጌረዳ ነው። ፈለግኩት። ጌታ ያውቃል የሚባል ሰው ማለቂያ የለውም፤ ግማሹ ጽጌረዳ ለጥፏል። ለአርባ ያህሉ "ሐና ነሽ?" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ሰደቡኝ።

በመጨረሻ፣ ተስፋ ሳይኖረኝ፣ ኮዱን እንደገና አስልኬ የሳያት አሮጌ ቁጥር ላይ ራሱ ደወልኩ። ጠራ! ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ረስቼው ነበር። አንድ ሰው አነሳ። ከጀርባው "ታቦር! ታቦር የሞላ!" ይባላል። ታቦር እዚሁ ሐዋሳ ያለ ሰፈር ነው፤ ሰውየው የባጃጅ ሹፌር ነው። እትዬ ፅጌ ፊቴን አይተው ተነሡ።

"ወንድሜ፣ አሁን ስድስት አሃዝ ያለው መልእክት ገብቶልሃል?"

"ገብቷል።"

"እባክህ ቁጥሩን ንገረኝ። አንዲት እናት ስልካቸው ተሰርቆ..."

ሳቀ። "ዛሬም ጀመራችሁ?"

"ሌባ አይደለሁም! ሱቄ አዲስ ከተማ ነው፣ ና እይ።"

"የእህቴን አካውንት የወሰደውም እንዲሁ ነው ያላት። እሱም እናት ነበረችው፣ ከኋላው ታለቅስ ነበር።"

ለመንኩት። ስለ ሐና ነገርኩት፣ ስለ ቤይሩት ነገርኩት። በተናገርኩ ቁጥር ለራሴም ጆሮ አጭበርባሪ እየመሰልኩ ሄድኩ። እትዬ ፅጌ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ወሰዱ። ድምፁ ለኔም ይሰማኛል።

"የኔ ልጅ፣ እናቷ ነኝ" አሉት። "ልጄ ነገ ትደውላለች። ካላገኘችኝ የት እንደገባች አላውቅም። ልጅ አለህ? ለልጅህ ብለህ።"

ሰውየው ሲመልስላቸው ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

"እማማ፣ አይቀየሙኝ" አለ። "እውነትዎን ሊሆን ይችላል። ግን ባጃጄ ላይ ተለጥፏል፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ነው። 'ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ለእናትም ቢሆን' ይላል። የተማረ ሰው ነው የጻፈው፣ እኔ ከሱ አልበልጥም።"

ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። በሱቁ ስልክ ሞከርኩ፤ አንስቶ ድምፄን ሲሰማ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ አልጠራም አለ። ታቦር የሚሠራ ባጃጅ ሁሉ ሰማያዊ ነው፣ ስቲከሩ ያልተለጠፈበትም የለም።

እትዬ ፅጌ አዲሱን ስልክ መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ቋጠሩት። ለመሄድ ወጣ ሲሉ ጫማቸውን ሊያስተካክሉ በሩን ተደገፉ። መዳፋቸው ያረፈው ስቲከሩ ላይ ነው።

"ለእናትም ቢሆን?" አሉ የሹፌሩን ቃል ደግመው። "ዮፍታሄ ልጄ፣ ይሄን የጻፈው ሰው እናት የለውም?"

እናቴ ታቦር ትኖራለች። ጠዋት ቁርስ አብልታ ነው የላከችኝ።

"ፈረንጆች ናቸው እትዬ" አልኳቸው። "ፈረንጆች ናቸው የጻፉት።"