የሦስተኛ ፎቅ ጓጉንቸር

ማክሰኞ ዕለት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ በእሳት ሲያያዝ የደረጃው በር በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። እኛ ከተማ፣ ጋዚፑር ውስጥ የልብስ ፋብሪካ በር የሚቆለፈው ሌባ እንዳይገባ አይደለም፤ እኛ ሸሚዝ ደብቀን እንዳንወጣ ነው። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ፣ ዘበኛው ደግሞ ሻይ ቤት። መጥቶ እስኪከፍት ስልሳ ሴቶች ብረቱን በመዳፋችን ደበደብን። የሞተ የለም። የስፌት መኪና ጎረቤቴ ኮሂኑር ግን ከዚያ ወዲህ እጇ መንቀጥቀጡን አልተወም። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ አጠገቧ ኪስ እለጥፋለሁ።

ሐሙስ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰቡን። ሻርሚን የምትባል አሠልጣኝ ከዋና ከተማችን ከዳካ መጥታለች፤ ሠራተኛ በአደጋ ጊዜ ራሱን እንዴት እንደሚንከባከብ ልታስተምረን። አየር በአፍንጫችሁ ሳቡ አለችን። ሳብን፤ አሁንም የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጡ ስትል ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሽንት ቤት የምንሄደው ስልሳ ሰው በአንዲት የእንጨት ካርድ ተፈራርቀን ነው፤ ካርዷን ላለመለመን እስከ ምሳ ጉሮሯችንን የምናደርቅ ሰዎች ነን። ልጅቷ ከየት ታውቀዋለች? በእሷ አልፈረድኩም።

ደሜ የፈላው ወረቀቱ ሲመጣ ነው። «ሠልጥኛለሁ፣ ተረጋግቻለሁ፣ ሥራዬን ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ» ይላል። የሁላችንም ፊርማ ካልተሟላ የውጭ ገዢዎቹ ጭነቱን አይቀበሉም። ከመፈረማችን በፊት እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ለራሳችን የምናደርገውን አንድ ነገር እንድንናገር ተጠየቅን፤ አሠልጣኟ ትጽፋለች። አንዷ ፀጉሬን የኮኮናት ዘይት እቀባለሁ አለች። እኔ ባሌን ለሦስት ቀን አላናግርም ብዬ አሳቅኋቸው። የኮሂኑር ተራ ደረሰ።

«ከተቆለፈ በር ኋላ አልቀመጥም። ለራሴ የማደርገው ይሄን ነው አፓ፣ እህቴ። ጻፊልኝ።»

የአሠልጣኟ እስክሪብቶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሞታሌብ ከኋላ ሆኖ፣ እረፍት አደርጋለሁ ብለሽ ጻፊላት አላት።

«እረፍት አላልኩም» አለች ኮሂኑር።

ካልፈረምሽ መታወቂያሽን አስረክበሽ ውጪ አላት ሞታሌብ። ያቺ ደመወዝ ከቀረች የቤት ኪራይ የሚከፍልላት ሰው የለም፤ ሞታሌብም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የመታወቂያ ካርዷን ከአንገቷ ልታወልቅ ስትታገል እጇ እምቢ ብሎ ክሩ ፀጉሯ ውስጥ ተተበተበ። ተነሥቼ ፈታሁላትና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የራሴንም አውልቄ ጎኑ ጣልኩት።

«አንቺም ኻላ?» አለ ሞታሌብ። አክስቱ ይመስል እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«እኔማ ተረጋግቻለሁ ልጄ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ካርዶች እየተከታተሉ ጠረጴዛው ላይ ይወድቁ ጀመር። ሞታሌብ ክምሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ዘበኛውን ጠራ። የደረጃው በር ለዛሬ ክፍት ይሁን አለ። ኮሂኑር ግን ዘበኛው ፊት መዳፏን ዘረጋች። እሱ አለቃውን ቀና ብሎ አየና የበሩን ጓጉንቸር ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ይዛው ወጣች። ሁላችንም ካርዳችንን አንስተን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተከተልናት።

ከሰዓት በኋላ የሰፋችው ኮሌታ ሁሉ ጠመመ። እባብ ነው እንዴ የሰፋሽው አልኳትና ኪሴን ትቼ ስፌቷን መተርተር ያዝኩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሥራ ዘገየ ብሎ ጮኸብኝ።

«ይዘገያል» አልኩት፣ ቀና ሳልል።