የሚዘለለው ምዕራፍና ሐጃ ኢንሺራህ

እኔ ዱምያጥ ከተማ ውስጥ የሴት ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጽሐፋችን ውስጥ ማንም የማያስተምረው አንድ ምዕራፍ አለ፤ ሰው እንዴት እንደሚረገዝና እንደሚወለድ የሚናገረው። ወጉ እንዲህ ነው፤ አስተማሪዋ ትገባለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ትላለች፤ ልጆቹም የሱፍ ፍሬያቸውን አውጥተው መፈልፈል ይጀምራሉ። ምዕራፉ ፈተና ላይ ግን ሳያፍር ይመጣል።

ያን ሰሞን እኔ የማስበው ስለ ሙንተሲር ነበር። ሙንተሲር አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ ነው። አክስቴ ቤት ልንተያይ መጥቶ ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋና ከሁላችን ቀድሞ በራሱ ሳቀ። እዚያው ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ። ሠላሳን ካለፍኩ ወዲህ እናቴ «ቆመሽ ቀረሽ» ማለቱን ሥራዬ ብላ ይዛዋለች። ከእሱ በፊት የመጡት ሁለት ሰዎች በእናቶቻቸው ምክንያት ቀርተዋል፤ አንዷ እናት «የልጅቷ ምላስ ረዘመ» አለች፣ ሌላዋ «አንገቷ አጠረ» አለች። የሙንተሲር እናት ሐጃ ኢንሺራህ ደግሞ ከሁለቱም የባሱ እንደሆኑ ተነግሮኛል። እሳቸው እሺ ካላሉ የእጮኝነት ፋቲሃ አይቀራም፣ ቀለበትም የለም።

ድሮ የወንድ እናት ለልጇ ስታጭ ሙሽራዋን ለውዝ በጥርሷ ታሰብራት፣ ጸጉሯንም እየጎተተች የራሷ መሆኑን ታረጋግጥ ነበር። ሐጃ ኢንሺራህ ግን ሥራዬ ላይ ሊያዩኝ ፈለጉ። በመስኮት አጮልቀው ሊመለሱ ነበር የመጡት። ችግሩ፣ በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር ትመጣለች ተብሎ ግቢው ሁሉ ተሸብሯል። ዘበኛው ጥቁር ቦርሳ የያዙ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸውን ያኮሳተሩ ሴትዮ በር ላይ ሲያይ ሌላ ምን ያስብ? ብድግ ብሎ ከፈተ። ዳይሬክተሯ ራሷ ክፍሌ ድረስ አምጥታ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይም አስመጣችላቸው። ሐጃም እንዲህ ተከብረው አያውቁምና ምንም ሳይተነፍሱ ተቀበሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁትና ሳቁብኝ።

ዕለቱ የዚያ ምዕራፍ ዕለት ነበር። «ቤታችሁ አንብቡት» ልል አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አፈጠጡብኝ። ምዕራፍ ዘለለች ብለው ቢጽፉብኝስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ጠመኔ አንሥቼ ማህፀኑን ሰሌዳው ላይ አሳምሬ ሳልኩት። ክፍሉ ጸጥ እረጭ አለ፤ የሱፍ ፍሬ መፈልፈሉም ቆመ።

ከዚያማ ማን ያቆመኝ። የወር አበባን አስረዳሁ፣ እርግዝና እንዴት እንደሚመጣ ሳላድበሰብስ ተናገርኩ፣ ያለ ፈቃዷ ሴትን መንካት ነውር እንደሆነ፣ «አልፈልግም» ማለት ለባልም ለእጮኛም እንደሚሠራ ጨመርኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ዴስክ ሥር ተደበቁ፣ ቀጥሎ ተንከተከቱ፣ በመጨረሻ እጅ ማውጣት ጀመሩ። ራንዋ የምትባለዋ ዓይን አውጣ «አብላ መምህርት፣ ወንድ በጠጣበት ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂ ቢጠጡ ይረገዛል እንዴ?» አለችኝ። አይረገዝም ስል፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ «አልሐምዱሊላህ» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥዬ ወንድና ሴት ልጅ እንዴት እንደሚለዩ ሳልኩላቸው፤ የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞሶም ብቻ ይይዛል፣ ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚመጣው ከአባት ዘር ነው። ይህን ጊዜ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

ደገምኩት።

«ታዲያ እናትየዋ እዚህ ውስጥ እጇ የለበትም?»

«ምንም የለበትም። ከአባት በመጣው ነው የሚለየው፤ እሱም ቢሆን መርጦ አይሰጥም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ለክፍሉ ሁሉ ያወሩ ጀመር። አምስት ሴቶች ተከታትለው እንደወለዱ፣ በእያንዳንዷ አራስነት አማታቸው «ለሴት ዶሮ አይታረድም» እያለች ሾርባ እንደከለከለቻቸው፣ ለባላቸውም ሌላ ሚስት ታፈላልግ እንደነበር ነገሩን። ዶሮ የታረደላቸው በስድስተኛው፣ በሙንተሲር ነው።

ሙንተሲር? አናጺው፣ አምስት እህት ያለው? ክው አልኩ። ኢንስፔክተር አይደሉም፤ ሊሆኑ የነበሩት አማቴ ናቸው፣ ያውም እስከ ዛሬ ጠዋት ብቻ። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ሙሉ ማህፀን ስዬ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ሁለቱ በምላስና በአንገት ቀሩ፣ ይኼኛው በምን እንደቀረ እናቴ ለጎረቤት ስትናገር ታየኝ። ሰሌዳውን በጀርባዬ ልሸፍነው ሞከርኩ፤ አልተሸፈነም።

ሐጃ ኢንሺራህ ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለሚደክም የስልኩን ድምፅ ለቀው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

«ፋውዚ፣ ዶሚኖውን አስቀምጥና ስማኝ» አሉ።

«ምን ሆንሽ? የት ነሽ?» አለ ባላቸው።

«ትምህርት ቤት። አምስቱም ሴቶች ያንተ ሥራ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም። የእናትህ መቃብር ድረስ ሂድና ንገራት፤ አምስት ዶሮዬን በልታብኛለች።»

ከወዲያ የዶሚኖ ጓደኞቹ ሳቅ አስተጋባ። ፋውዚ ቱግ አለ።

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ፣ አንቺ ሴት?»

ሐጃ ሰሌዳውን አዩ፣ ጠመኔ የነካውን አፍንጫዬን አዩ።

«ምራትህ ናት» አሉት።