አርባ አንደኛው ትምህርት

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ተሸካሚ አስከትለው ሱቄ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሱቄ ንፋስ መውጫ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ በሩ ላይ ባጃጆች ተራ ይይዛሉ። በዚያ ሰዓት የፊተኛው ተራ የደምሌ ነበር። መሪጌታን ሲያይ ከባጃጁ ዘሎ ወረደ፤ ኮፍያውን አውልቆ «እንዴት አደሩ፣ መሪጌታ» ብሎ እጅ ነሣ። እሳቸው ፊት ለፊታቸውን እያዩ አለፉት። ደምሌ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ወደ መሪው ተመለሰ። በመስታወቱ አይቼዋለሁ፤ የሰው ጉዳይ ነው ብዬ ተውሁት።

ሰርኬ እባላለሁ። ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እጄ ጥሩ ነው። አመሌ እንደ እጄ እንዳልሆነ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉ።

«ምን ሆነብዎት?» አልኋቸው።

«ዘገየብኝ። ከፍቼው ጸሎቴን አድርሼ ስመለስ ገና ይሽከረከራል። ከሰሞኑ ደግሞ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር አለ።»

ካቻቢቴዬን አንሥቼ ብሎኖቹን ፈታሁና ጎኑን ከፈትሁት። አቧራው ለአንድ መደብ ጎመን ይበቃል። ጠራርጌ መብራት ስሰጠው የተባለው ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ትንሽ ዝም፣ ደግሞ ቀጭ። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። ወዲያው ከሶኬቱ ነቀልሁት።

«ውስጡ ምን አለበት?»

መሪጌታ ተቀምጠው በእርጋታ አስረዱኝ። መምህራቸው የኔታ ወልደ ሩፋኤል የትርጓሜ ሊቅ ነበሩ። በመጨረሻው ዓመታቸው ዓይናቸው ሲፈዝ ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን በስልክ ቀረጹት። ሃምሳ አራት ትምህርት ነው፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ወደዚህ ኮምፒውተር ተገለበጠ። የኔታ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ፤ ጉባኤውን አሁን የያዙት መሪጌታ ናቸው።

«ሌላ ቦታስ አለ? ፍላሽ ላይ? ስልክ ላይ?»

«የት ይኖራል ልጄ? ስልኮቹም ተሸጡ፣ ተሰበሩ። ያለው እዚህ ነው።»

«አራት ዓመት ሙሉ በአንድ አሮጌ ዲስክ?» ብዬ ጮህሁ። በትልቅ ሰው ላይ ነው የጮህሁት። እሳቸው ግን «ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ንዴቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣለሁ።

የማደርገውን ነገርኋቸው። አሮጌው ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር አለ፤ ላዩ ላይ የሚያነብ መርፌ መሳይ አለው፣ እሱ ሲያረጅ መንገዱ ይጠፋዋል። አዲሱ፣ ኤስ ኤስ ዲ የምንለው፣ የኪስ ማስታወሻ ደብተር ያክላል፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ፈጣንም ነው። በአሮጌው ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን እተክላለሁ። «ሐሙስ ይምጡ» አልኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን አገናኝቼ ግልበጣውን ጀመርሁ። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል ተብሎ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሚተካልኝ ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይይዝም። ግልበጣው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ቆመና አንድ መልእክት አወጣ፤ አንዳንድ ቦታ ማንበብ አልተቻለም፣ ይታለፍ ወይስ ይቁም? አሮጌው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰዓቱን አየሁ። ይቁም ብዬ ደግሜ ብጀምር መብራቱም ዲስኩም አብረው ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ይታለፍ አልሁ። እስከ መጨረሻው ሄደ፤ «ተጠናቀቀ» የሚለው ሲመጣ እፎይ አልሁና ያለፍሁትን ለማንም ሳልነግር ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ መሪጌታ መጡ። ኮምፒውተሩ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ተከፈተ። አዲሱ ዲስክ ለአሮጌው ቦታ ስላነሰ በሁለት ብሎንና በፕላስተር አስሬዋለሁ፤ እሱንም አሳየኋቸው። መሪጌታ ሁሉንም አይተው ጨረሱና «መቼ አመሳከርሽው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ግልባጩን ከዋናው ጋር።»

«ማሽኑ ጨርሻለሁ ብሏል እኮ።»

«ጸሐፊም ጨርሻለሁ ይላል» አሉ። «እኛ ዘንድ ብራና ሲገለበጥ ጸሐፊው ብዕሩን ስላስቀመጠ አይበቃም። አንዱ ዋናውን ያነባል፣ አንዱ ግልባጩን ይከተላል። ቃል ሲጎድል ይታረማል። ያን ጊዜ ነው ዋናው ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው።»

«ዋናው ከእንግዲህ መነሣት የለበትም መሪጌታ። በተነሣ ቁጥር ወደ ሞት ይቀርባል።»

ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነካ አደረጉ። «እንግዲያው ዋናው እኔ ነኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከየኔታ አፍ ሰምቼዋለሁ። ግልባጩን አጫውችልኝ፣ እኔ እከተላለሁ።»

ሃምሳ አራት ትምህርት! ሃያ ሰባት ሰዓት! እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ያቺ ያለፍኋት መልእክት ሆዴ ውስጥ ስለነበረች አንገቴን ደፍቼ ድምፅ ማጉያውን ሰካሁላቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥተው ማዕዘኗ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተው ይሄዳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የተጠራጠሩትን መልሰው መላልሰው ያዳምጣሉ። ደንበኛ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በመቋሚያቸው ወለሉን ነካ ያደርጋሉ፤ ሰዉም ዝም ይላል። ፎቶ ሊያሳትም የመጣ ሁሉ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። ጠዋትና ማታ በደምሌ ፊት ሲያልፉ ደምሌ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፤ መሪጌታ ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርባ ደረሱ። እኔም ተስፋ አደረግሁ፤ የታለፈው ቦታ ባዶ ቢሆንስ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቢሆንስ እያልሁ።

«ሰርኬ፣ ነይ ስሚ» አሉኝ።

አርባ አንደኛው ትምህርት ነው። የኔታ በቀስታ ያስረዳሉ፤ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ «አንድም» ብለው ድምፁ ተቆረጠ። ከዚያ ጩኸት መሳይ ነገር፣ ከዚያ ጸጥታ። ቆጣሪውን ወደፊት ገፋሁት። ዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ተመለሰ። ወዲያው አቆምሁት።

«ስምንት ደቂቃ ነው የጎደለው» አልሁ። «እርስዎ ያውቁታል አይደል? በቃልዎ ይሙሉት፣ እቀርጽዎታለሁ።»

መሪጌታ ከድምፅ ማጉያው ቀና አሉ። «ይህችን አላውቃትም። ያን ቀን እናቴን ልቀብር ወገዳ ወርጄ ነበር። ከሃምሳ አራቱ ያልሰማኋት እሷን ብቻ ነው። ተቀርጻለች፣ ደኅና ጊዜ ሳገኝ ቁጭ ብዬ እማራታለሁ እያልሁ አራት ዓመት አቆየኋት። ዛሬ ነው የከፈትኋት።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ መልእክቱን፣ መብራቱን፣ ይታለፍ ማለቴን፣ ዝም ማለቴን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አሉኝ። አፈርሁ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሮጌውን ዲስክ አወጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያችን አንዲት ፋይል ብቻ ብዬ አገናኘሁት። ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ። ከዚያ ዝም። ነቅዬ ብተክል፣ ኬብል ብቀይር፣ ትንሽ አሳርፌ ብሞክር ኮምፒውተሩ ምንም አላየሁም ይላል። አለቀ።

«ቢያንስ ከስምንት ደቂቃው ወዲያ ያለውን ይስሙት» አልሁ።

«መካከሉ ጎድሎ ወደፊት አይኬድም» አሉ። «የፊተኛው ሳይያዝ የኋለኛው አይሰማም።»

«ያን ቀን የቀረጸው ማን ነበር?»

መሪጌታ በመስታወቱ ወደ ውጭ አዩ። እኔም አየሁ። ደምሌ የባጃጁን መስኮት በጨርቅ ይወለውላል።

«እሱ?»

«ከሁላችንም እሱ ነበር የሚይዘው። አንድ ጊዜ ከሰማ በቃው። ጉባኤው የእሱ ይሆናል እንል ነበር። የየኔታ አርባ ሳይወጣ ጥሎን ሄደ። ‹እናቴ እስቴ ላይ ታማብኛለች፣ የሚያስታምማት የለም› አለ። ከዚያ ባጃጅ ያዘ ሲሉኝ ሰማሁ። የማን እናት አልታመመችም?»

አመሌ ቀደመኝ። «እርስዎም እኮ እናትዎን ልቀብር ብለው ነው ከትምህርቱ የቀሩት!» አልሁ። «እሱ ሳትሞት ደረሰላት፤ ጥፋቱ እሱ ነው?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ብመልሰው በወደድሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ተቀይመው መሄዳቸው ነው ብዬ ነበር። በሩን ከፍተው ባጃጁ ፊት ቆሙ። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቀረሁ።

«ደምሌ» አሉት።

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «አቤት።»

«እናትህ እንዴት ናት?»

«አርፋለች፣ መሪጌታ። ሁለት ዓመቷ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «ነፍስ ይማር። አልሰማሁም ነበር» አሉ። ቆይተው «አርባ አንደኛውን ትምህርት ታውቀዋለህ?» ሲሉት ደምሌ ጊዜ አልፈጀም።

«አውቀዋለሁ።»

«ግባ እንግዲህ።»

ገባ። እኔ የራሴን ወንበር ለመሪጌታ ሳብሁ። እሳቸው ወንበሩን ወደ ደምሌ ገፉት።

«ኧረ መሪጌታ፣ እርስዎ ቆመው እኔ—»

«ይህን አንተ ተምረሃል፣ እኔ አልተማርሁም። የሚያስተምር ይቀመጣል» አሉና ከጥግ ያለውን የሞኒተር ካርቶን ስበው እግሩ ሥር ተቀመጡ። እኚያ ትልቅ ሰው፣ ጉባኤ የሚያስኬዱ ሰው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ካርቶን ላይ። ደምሌ ዙሪያውን ቢያይ የሚሸሽበት ቦታ የለም፤ ተቀመጠ።

ማይክራፎኑን ሰክቼ ከስምንተኛው ደቂቃ ቀደም ያለውን አጫወትሁ። የኔታ «አንድም» አሉ፣ ድምፁ ተቆረጠ። ደምሌ ከዚያው ተቀበለ። መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ፤ እጆቹ የባጃጁን ቁልፍ ጨምቀው ይዘዋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ቃሉም እየተከታተለ ይመጣ ጀመር፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያለ። እኔ ትርጓሜ አላውቅም። የኔታ በሚያርፉበት ቦታ ሲያርፍ፣ በሚያስረዝሙበት ሲያስረዝም ግን ከሐሙስ ጀምሮ ስሰማቸው ስለከረምሁ ለየሁት። ከውጭ አንዱ «ደምሌ፣ ተራህ!» ብሎ ጮኸ። ወጥቼ ለሚቀጥለው አሳልፉ አልኋቸው።

ስመለስ እያበቃ ነበር። «እዚህ ላይ የኔታ ውኃ ጠጡ» አለና ዓይኑን ገለጠ።

ቀረጻውን አስቀመጥሁ፤ በአዲሱ ዲስክም በፍላሽም። ከዚያ ዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ የሚመለስበትን ከፈትሁ። መጀመሪያ የተሰማው ጣሳ መሬት ሲያርፍ ነው፤ የኔታም ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። መሪጌታ ካርቶኑ ላይ «ገጠመ» አሉ በቀስታ። እስከ መጨረሻው ሰማን። ትምህርቱ አለቀ፤ ስልኩ ግን ገና አልተዘጋም ነበር።

«ቀለመ ወርቅ ኀዘን ላይ ነው» አሉ የኔታ። «ሲመለስ ይህን ማን ይነግረዋል?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ፣ የኔታ» አለ የወጣት ድምፅ።

ከዚያ ጠቅ ብሎ ቆመ።

ደምሌ የባጃጁን ቁልፍ ያገላብጣል። መሪጌታ «አልነገርኸኝም» አሉት።

«ከወገዳ በተመለሱ ማግስት መጥቼ ነበር» አለ ደምሌ። «‹ተቀርጾ የለም ወይ፣ እሰማዋለሁ› ብለው መለሱኝ። በኋላም ጠዋት ጠዋት ሰላም ስልዎ፣ ከመለሱልኝ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር።»

መሪጌታ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲለቁት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከካርቶኑ አልተነሡም።

«በል አሁን ንገረኝ» አሉት። «ከመጀመሪያው።»

ደምሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የእኔ እጅ ከልማድ ወደ ማይክራፎኑ ሄደ።

«ተይው፣ ሰርኬ» አሉኝ መሪጌታ። «ይህን እኔ እይዘዋለሁ።»

ማይክራፎኑን ነቀልሁና ባጃጁን ልጠብቅ ወጣሁ።